በ100 ኪሎ ሜትር 1.2 ሊትር? ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ቀሪውን ነዳጅ የት ያደርሰዋል?

ሁለት ቶን የሚጠጋ ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም ከሶኬት በሚሞላ ባትሪም የሚሄድ መኪና ነው። መግለጫው ላይ ግን «የነዳጅ ፍጆታ፦ በ100 ኪሎ ሜትር 1.2 ሊትር» ይላል። በሊትር 83 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ብዙ ሞተር ሳይክል እንኳን ይህን አይደፍረውም። አንዳንዱ «ባክህ ውሸት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው አምኖ ይገዛና ስድስት ሰባት ሊትር ሲጠጣበት ሻጩን መርገም ይጀምራል። በሁለቱም አልፈርድም። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚመስለውን ነገርም አይናገርም።

ከመነሻው ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የተተካ ነዳጅ ነው፦ ቤንዚን ሊሠራው የነበረውን ሥራ ከሶኬት የመጣ ኤሌክትሪክ ሲሠራው። ሁለተኛው በእውነት የተቆጠበ ነዳጅ ነው፦ ቤንዚኑ እየተቃጠለም ቢሆን ከወትሮው ባነሰ ብክነት ሲቃጠል። መግለጫው ላይ ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ሆነው ይወጣሉ። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መኪናው ውስጥ ያለው ነገር ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። የቤንዚን ሞተር አለ፣ አንድ ወይም ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ ባትሪ አለ፣ የቻርጅ መሰኪያ አለ። ከተራው ሃይብሪድ የሚለየው በመሰኪያውና በባትሪው ትልቅነት ነው። የሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ (ተራ ሃይብሪድ ነው) ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር፤ ኪሎዋት ሰዓት የቤታችሁ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው። በ2010 መጨረሻ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ገበያ የገባው ሸቭሮሌ ቮልት 16 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ መጣ፤ በኤሌክትሪክ ብቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2008 መጨረሻ፣ የቻይናው ቢዋይዲ ኤፍ3ዲኤም የሚባል መኪና ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው እንጂ በብዛት ለመመረት የመጀመሪያው ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ እሱ ነው።

አሁን ወደ ኃይሉ ሂሳብ።

አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ሊትር የሚበላ መኪና 54 ኪሎዋት ሰዓት አቃጠለ ማለት ነው። ያንኑ መንገድ በኤሌክትሪክ ብትሄዱት ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃችኋል። ሲሶው ነው። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ጎማው ያው። ታዲያ ሌላው ሁለት እጅ የት ገባ? ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ወጣ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሰጠው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ ጎማ ያደርሳል። የቤንዚን ሞተር ግን በተለመደው የዕለት መንዳት ሩቡን ቢያደርስ ነው። እርግጥ ኤሌክትሪኩም ከሰማይ አይወርድም። ከከሰል ወይም ከጋዝ የመነጨ ከሆነ ብክነቱ እዚያ ጣቢያው ላይ ደርሷል። ከውኃ ወይም ከነፋስ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለማንኛውም ከታንከራችሁ ውስጥ አልወጣም፤ ስለዚህ «ሊትር» ውስጥ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የቤንዚን ሞተር ሁልጊዜ እኩል አባካኝ ይመስለዋል። አይደለም። ሞተር ሥራ ሲበዛለት ጎበዝ ነው፣ ሥራ ሲያንሰው ነው የሚያባክነው። አንድ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሜዳማ መንገድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመንሸራሸር የሚፈልገው ኃይል 4 ኪሎዋት ገደማ ነው። ኮፈኑ ስር የተቀመጠው ሞተር ደግሞ 110 ኪሎዋት፣ ማለትም 150 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ነው። ይሄ ሁሉ ጉልበት ለ4 ኪሎዋት! የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚቀንሰው አየር ማስገቢያውን በማጥበብ ነው፤ መግቢያው ሲጠብ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ ለዚህ ትግል ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። ላዩ ላይ የፒስተኑና የዘይቱ ፍትጊያ አለ፤ እሱ ሥራ አነሰ ብሎ አይቀንስም። መብራት ላይ ቆሞ በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ የመጨረሻው ነው፦ ነዳጅ ይበላል፣ አንድ ሜትር አይሄድም።

ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ የሚያደርገው ነገር ታዲያ ቀላል ነው። ይቺን የ4 ኪሎዋት ሥራ ለቤንዚኑ ሞተር አይሰጥም። ለኤሌክትሪኩ ነው የሚሰጠው። የቤንዚኑ ሞተር የሚነሳው ሥራው ሲከብድ ነው፦ ዳገት ሲመጣ፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ ወይም ባትሪው ሲወርድ። ከተነሳ አይቀር ደግሞ ደህና በሚሠራበት ልክ ያሠራዋል፤ ለጎማ የሚተርፈውን ጉልበት ጄኔሬተሩ ተቀብሎ ባትሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ይጠፋና የተቀመጠው ሥራ ላይ ይውላል። ተራው ሃይብሪድም ይህን ይሠራል። ልዩነቱ ፕለግ-ኢኑ ማስቀመጫው ሰፊ መሆኑ ነው።

ሞተሩ ራሱም የተለየ ነው። ብዙዎቹ የአትኪንሰን ዑደት በሚባለው ነው የሚሠሩት። ጄምስ አትኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1882 ያወጣው ሐሳብ ነው። የዛሬዎቹ እንዲህ ይሠሩታል፦ ፒስተኑ አየሩን መጭመቅ ሲጀምር የማስገቢያው ቫልቭ ቶሎ አይዘጋም፣ ጥቂቱ አየር ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ የሚታመቀው ያንሳል፣ ከተቃጠለ በኋላ ግን ሙሉውን ርዝመት ይገፋል። ከአንድ ጠብታ ነዳጅ ብዙ ግፊት ይገኛል ማለት ነው። ጉዳቱ? ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ልፍስፍስ ይሆናል። መኪናው ላይ ብቻውን ቢሆን ከቆመበት ሲነሳ ታዝኑበት ነበር። ግን ያንን ጉድለት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሸፍነዋል፤ እሱ ገና ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የቶዮታ 2.5 ሊትር የሃይብሪድ ሞተር በጥሩ ሁኔታው ላይ ከነዳጁ ኃይል 41 በመቶውን ወደ ሥራ እስከ መለወጥ ደርሷል። ቢዋይዲም በ2024 ሞተሩ 46 በመቶ እንደደረሰ አስታውቋል። እነዚህ ቁጥሮች ምርጥ የሚባለው ነጥብ ላይ ብቻ የሚገኙ መሆናቸውን አትርሱ። ሙሉ የሃይብሪድ አሠራሩ ዓላማም ሞተሩን እዚያ ነጥብ አካባቢ ማቆየት ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ተራ መኪና ፍሬን ስትይዙ የመኪናው ጉዞ ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሃይብሪድ ግን የኤሌክትሪክ ሞተሩን አዙሮ ጄኔሬተር ያደርገዋልና ኃይሉን መልሶ ባትሪ ውስጥ ይከተዋል። ምን ያህል ነው? ያ 1,800 ኪሎ መኪና በ60 ሲሄድ የያዘው ኃይል 0.07 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ግን መብራት በበዛበትና መጨናነቅ ባለበት መንገድ ላይ ሃምሳ ጊዜ ስትቆሙ አስቡት። ሁሉም አይመለስም፤ በመንገዱ ላይ የሚጠፋ አለ፣ ድንገት ፍሬን ከረገጣችሁ ደግሞ ተራው ሸራ ነው የሚይዘው፣ ያኔ ኃይሉ ቀለጠ። ከሩቅ አይቶ ቀስ ብሎ ፍሬን የሚይዝ ሰው እዚህ ላይ ይበልጣል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገዝፋል። 300 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ያ መኪና 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። የተራ ሃይብሪድ ትንሽ ባትሪ መንገድ ሳያጋምስ ይሞላና የቀረው ብክነት ነው። የፕለግ-ኢኑ ባትሪ ግን ይቀበለዋል፣ ቦታ ካለው። ይቺ «ካለው» ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ቤታችሁ ተራራ ጫፍ ላይ ቢሆንና ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁለቱን ብትወርዱ ባትሪው ጠግቧል፣ አይቀበልም። አንዳንዱ መኪና እንዲያውም የቤንዚን ሞተሩን ነዳጅ ሳይሰጥ እያዞረ መኪናውን ለመያዝ ይጠቀምበታል፤ ሾፌሩ ደግሞ «ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ለምን ተነሳ?» ብሎ ይደናገጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቻርጁን 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢደማመር ግን 1.2 ሊትር አያመጣም። ባትሪው ወርዶ መኪናው እንደ ተራ ሃይብሪድ ሲሄድ እንደ መኪናው ዓይነት 5፣ 6 ወይም 7 ሊትር ይበላል። ታዲያ 1.2 ከየት መጣ?

ከሂሳብ አሠራሩ ነው። የአውሮፓውን መለኪያ እንውሰድ፤ ደብሊውኤልቲፒ ይባላል፣ ከ2017 ጀምሮ ነው ሥራ ላይ የዋለው። መኪናው መጀመሪያ ባትሪው ሞልቶ ይለካል፣ እስኪወርድ ድረስ። ቀጥሎ ባትሪው ወርዶ ይለካል። ከዚያ ሁለቱ ውጤቶች በአንድ የግምት ድርሻ ተመዝነው ይቀላቀላሉ። ግምቱ «የዚህ መኪና ባለቤት ከመንገዱ ምን ያህሉን በኤሌክትሪክ ይሄዳል?» የሚል ነው። ባትሪው ትልቅ በሆነ ቁጥር ድርሻውም ያድጋል። ድርሻው 80 በመቶ ነው እንበል። በኤሌክትሪክ የተሄደው 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሊትሩ ዜሮ። በቀረው 20 ኪሎ ሜትር ላይ በ6 ሊትር ሂሳብ 1.2 ሊትር። ይኸው፣ ምሥጢሩ አለቀ። የበላው ኤሌክትሪክ ለብቻው በሌላ መስመር ይጻፋል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን በትልቁ የሚወጣው ሊትሩ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የሂሳቡ ስልት አይደለም፣ ግምቱ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 የተመዘገቡ መኪኖች ውስጥ ያለው የነዳጅ መቁጠሪያ የመዘገበውን አይቶ ነበር። ፕለግ-ኢን ሃይብሪዶች ከወረቀቱ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ካርቦን ያወጡ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 አይሲሲቲ የተባለው የምርምር ተቋም ያወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነገር አሳየ፦ የግል መኪኖቹ በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 ሊትር በላይ ሲበሉ፣ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሰጧቸው ደግሞ ወደ 8 ሊትር ይጠጋሉ። መኪኖቹ ያው ናቸው። ልዩነቱ ገመድ መሰካቱ ላይ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ነዳጁን የሚከፍልለት ሰው ማታ ማታ ገመድ የሚሰካበት ምክንያት የለውም። ቻርጅ መሙያ ገመዱ ከነፕላስቲኩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይፈታ የቀረበት መኪና አለ ሲባል አልገረመኝም። አውሮፓ ግምቱን ከ2025 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች አጥብቃዋለች፤ ስለዚህ አዲሱ መግለጫ ላይ ያለው ሊትር ከድሮው ከፍ ብሎ ቢታያችሁ መኪናው ብሶበት አይደለም።

የራሳችሁን ግምት ግን ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም፣ ቀላልም ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ፣ ከዚያ በኋላ 6 ሊትር የሚበላ መኪና እንውሰድ። አንዱ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ሁሌ ማታ ይሰካል። በወር 25 ቀን ሥራ፣ አንድ የ500 ኪሎ ሜትር የሩቅ ጉዞ። ሥራው ላይ የሚያወጣው ቤንዚን ዜሮ ነው። በሩቁ ጉዞ ላይ 60ው በኤሌክትሪክ፣ 440ው በቤንዚን፦ 26.4 ሊትር። በወሩ 1,500 ኪሎ ሜትር ሄዷልና በ100 ኪሎ ሜትር 1.8 ሊትር ይደርሰዋል። ሌላው ሰው በሳምንት 240 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ የሚሰካው በሳምንት አንዴ ነው። 60ው በኤሌክትሪክ፣ 180ው በቤንዚን፦ 10.8 ሊትር፣ በ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር ይደርሰዋል። ሦስተኛው ጭራሽ አይሰካም፤ 6 ሊትር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ሦስቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ስለዚህ መኪና ቢከራከሩ ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

ለሦስተኛው ሰው አስተያየት አለኝ፦ ተራ ሃይብሪድ ይግዛ። መቶ ምናምን ኪሎ ባትሪ ባዶውን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን ያደርግለታል? ዋጋውም ያንሳል፣ ክብደቱም ያንሳል። ሥራ ቦታ ሶኬት ያለው ሰው ደግሞ ገበያው ደርቶለታል፤ በቀን ሁለቴ ከሰካ ያው ትንሽ ባትሪ እጥፍ ይሆናል። አንዳንዱ ትልቅ ባትሪ ፍለጋ ብዙ ይከፍላል፣ ሁለተኛ ሶኬት ግን ያንኑ ይሰጠው ነበር።

ባትሪ እያለም ሞተሩ የሚነሳባቸው ጊዜያት አሉ። ብርድ ዋናው ነው። ብዙ ፕለግ-ኢን ሃይብሪዶች የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቁት በሞተሩ ሙቀት ነው፤ ማሞቂያውን ስትከፍቱ ሞተሩ ይነሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር ለሦስት ደቂቃ ተነስቶ መጥፋቱ ነው፦ ሲሞቅ ነዳጅ ይበላል፣ ሞቆ መሥራት ሊጀምር ሲል ይጠፋል። መፍትሔው ከመነሳታችሁ በፊት፣ ገመዱ ሳይነቀል መኪናውን ማሞቅ ነው፤ ኃይሉ ከሶኬት ይመጣል። ወይም የወንበሩን ማሞቂያ ብቻ ማብራት። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው መርገጥም ሞተሩን ያስነሳዋል፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ደከም ያለ ከሆነ።

ፍጥነትም አለ። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ በ50 ላይ 4 ኪሎዋት የበቃው መኪና በ120 ላይ ከ20 በላይ ይፈልጋል። ባትሪው በአንድ ጊዜ ሲወርድ ዓይናችሁ እያየ ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ከተማም ፈጣን መንገድም ካለ ብልሃቱ ባትሪውን ለከተማው ማስቀረት ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ባትሪውን ባለበት የሚያቆይ ቁልፍ አለ። ፈጣኑ መንገድ ላይ እሱን ተጫኑ፣ ሞተሩ እዚያ ከባድ ሥራ ስላለው ደህና ነው የሚሠራው። ከተማ ስትገቡ ወደ ኤሌክትሪክ መልሱት። አንዳንዶቹ መድረሻችሁን ካርታው ላይ ከሞላችሁላቸው ይሄን ራሳቸው ያሰሉታል።

ከዚህ አጠገብ ያለው ሌላ ቁልፍ ግን ወጥመድ ነው፦ ባትሪውን በሞተሩ እየሞላ የሚሄደው። ቤንዚን ተቃጥሎ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞራል። በየደረጃው ይጠፋል። የቤንዚን ሞተር አስነስታችሁ መግባት የማይፈቀድበት አካባቢ የምትሄዱ ካልሆነ አትንኩት። ሶኬት የሚሰጣችሁን ነገር በቤንዚን ዋጋ መግዛት ነው።

ትክክለኛ ፍጆታችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ታንከሩን ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ቻርጅ ያደረጋችሁትን ኪሎዋት ሰዓት ከግድግዳው በኩል መዝግቡ (ባትሪው የሚያሳያችሁ ያነሰ ነው፤ ሲሞላ አሥር በመቶ ያህል ይጠፋል)። ቀጥሎ ስትሞሉ ሊትሩንም ኪሎዋት ሰዓቱንም በየዋጋቸው አባዙና ደምሩ። በሊትር ብቻ ካሰላችሁ እንደ ማስታወቂያው ሆናችሁ።

አንድ የቀረ ነገር። ሁሌ በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ታንከሩን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ። ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። ቮልት ለምሳሌ ነዳጁ ዓመት ገደማ ሲሞላው ያረጀውን ለመጨረስ ሞተሩን በራሱ ያስነሳ ነበር። እናንተ ሳትፈልጉ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሩብ ታንከር ይበቃል፤ የሩቅ መንገድ ሲመጣ ያኔ ትሞላላችሁ።